ከፍየል ጉረኖ የተለቀመ ዘር

ሞያሌ ተወልጄ አድጌያለሁ የሚል ሰው ዴካ ቀምሼ አላውቅም ቢለኝ አላምነውም። በኬንያ በኩልም ይሁን በኢትዮጵያ በኩል፣ በዴካ ነገር ኬላው አይለየንም። ሁላችንም ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከቁጥቋጦው ሥር ተንበርክከን ያቺን ብርቱካንማ ፍሬ ስንለቅም ነው ያደግነው። ፍሬዋ ሁለትም ሦስትም ሆና ተጣብቃ ነው የምትወጣው። ሥጋዋ ስስ ነው፣ ጣፋጭ ነው፤ ቶሎ ያልቅና ጥርስ ላይ ድንጋይዋ ይቀራል። ድንጋይዋን እርስ በርስ እየተተፋፋን ነበር የምንጫወተው። ያ ድንጋይ ዘር መሆኑን ማን አስቦት! ትልቅ ሴት ሆነሽ ለዚያች ድንጋይ ብለሽ የፍየል በጠጥ ውስጥ ቁጢጥ ትያለሽ ያለኝ ሰው ቢኖር እስቅበት ነበር።

እኔ ባለ ሱቅ ነኝ። ወላጆቼ ከደጋ መጥተው እዚህ ኬንያ ሞያሌ የከተሙ ነጋዴዎች ናቸው፤ ነፍስ ያወቅሁት ዱቄትና ስኳር ስመዝን ነው። ባሌ ቦረና ነው፣ የሎሪ ሾፌር። ስንጋባ እናቴ አኩርፋ ነበር፤ "ምነው ልጄ፣ ደገኛ ጠፋ?" እያለች። አማቴ ግን አላኮረፉም። ኦቦ ከምትባለው የገጠር መንደር፣ ከቤታቸው፣ ወተት ይዘው መጡ፣ አገላብጠው አዩኝና "ቀጭን ነህ፤ ብላ" አሉኝ። አማርኛቸውን ቅቤ ሲሸጡ ከገበያ ነው የለቀሙት፤ ወንዱንም ሴቱንም "አንተ" ነው የሚሉት። ልጆቼ በኦሮምኛ አያት እንደሚባለው "አኮ" ይሏቸዋል፤ እኔም ከልጆቼ ተከትዬ አኮ ማለት ለመድሁ።

ከአኮ ቤት ጀርባ አንድ ተዳፋት አለ። ባሌ ልጅ ሆኖ እዚያ ፍየል ሲጠፋበት ፈልጎ ለማግኘት ይመሽበት እንደነበር፣ ቁጥቋጦው ሰው እንደሚሰውር ይነግረኛል። እኔ የደረስሁበት ተዳፋት ግን መላጣ ነው። መጀመሪያ ከሰል አክሳዮቹ መጡ፣ ግራሩን ጨረሱት። ቀጥሎ ድርቅ መጣ፣ ፍየሉ የተረፈውን ላጠው። ከዚያ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ወሰደው። ዴካ የቀረችው ሸለቆው አፋፍ ላይ ብቻ ነበር፣ ጥቂት ቁጥቋጦ። ነፋስ ሲነሳ ቀዩ አቧራ ከተዳፋቱ ወርዶ አኮ ቤት ይገባል፤ ሻዩ ውስጥ፣ ዓይናቸው ውስጥ፣ መኝታቸው ላይ።

ባሌ እናቱን ከተማ ማስገባት ፈለገ። "ላሞቿ አልቀዋል፣ ውሃው ርቋል። አንድ ቀን ወድቃ ብትቀር የሚያነሳት ሰው የለም" ይላል። የት ሊያስቀምጣቸው? ከሱቁ ጀርባ፣ ስኳርና ሲሚንቶ የማከማችባት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ። እውነቱን ልናገር? እኔም አልፈለግሁም። ዕቃዬን የት ላድርገው! አኮ ደግሞ ከኔ የባሱ ነበሩ። "ቆርቆሮ ውስጥ አስገባኝና ቆልፍ፤ እስከ ማታ እሞትልሃለሁ" አሉት። እሱ አልሳቀም።

ብዙ ተጨቃጨቁ። እዚህ አገር ዝናቡ ሁለት ነው፤ በጥቅምት ግድም የሚመጣው አጭሩ ሃጋያ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ የሚጠበቀው ረጅሙ ጋና። በመጨረሻ አኮ ቃል ገቡ። "መጪው ጋና ሲያልፍ ተዳፋቱ ካልለመለመ፣ ሎሪህን አምጣ፤ ማንም ሳይገፋኝ ራሴ እሳፈራለሁ። ከለመለመ ግን ሁለተኛ ስለ ከተማ አታንሳብኝ" አሉት። ባሌ እሺ አለ። እናቱ ቃላቸውን እንደማያጥፉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ።

በዚያው ሰሞን የተራቆተ መሬት እናለብሳለን የሚሉ ሰዎች መጡ። አካፋና ዶማ አከፋፈሉ፤ ውሃ እንዲያቁር በተዳፋቱ ላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጉድጓድ እንዴት እንደሚቆፈር ለሴቶቹ አሳዩ። ዘሩ ግን የአገሩ ይሁን፣ ከሩቅ የመጣ ችግኝ እዚህ አይበረክትም አሉ። ዘሩን ማን ያመጣል? እናንተ። ላም አለኝ በሰማይ አልኩ በሆዴ። አፋፉ ላይ ያለችው ዴካ ስትበስል ወፉና ፍየሉ ይሻሙባታል፤ ለሰው የሚተርፈው እፍኝ አይሞላም።

አኮ ግን ሳቁ። "ምን አስጨነቀህ? ፍየሉ ይልቀምልን" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍየል ቀን የበላችውን ማታ ስታመሰኳ የዴካዋን ድንጋይ ትተፋዋለች፤ ያልተፋችው ደግሞ ከበጠጧ ጋር ይወጣል። ጠዋት መንጋው ከጉረኖ እንደወጣ መሬቱን መጥረግ፣ በጠጡን መፈርፈር፣ መንፋት ነው። የፍየል ሆድ ያየ ዘር ቶሎ ይበቅላልም አሉ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ከሱቄ ወንፊት አንስቼ ሄድሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁን ለእህቴ ትቼ፣ በዚያ ድንጋያማ መንገድ ቦዳቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ወገቤ እስኪቀነጠስ እየተንገጫገጭሁ እሄዳለሁ፤ ከአኮ ጋር ጉረኖ ውስጥ ቁጢጥ ብዬ በጠጥ ስነፋ እውላለሁ። እናቴ ስትሰማ "ልጄን ለበጠጥ ነው እንዴ የዳርኋት!" ብላ ጮኸች። ሽታው ከፀጉሬ አይለቅም። አንዱ ደንበኛዬ አፍንጫውን ይዞ "ዛሬ ደግሞ ፍየል መሸጥ ጀመርሽ?" ቢለኝ፣ "አዎ፣ አንተን የሚያክል አለኝ፤ ልመዝንልህ?" አልሁት።

ያ ጊዜ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ስናገረው ይቆጠቁጠኛል እንጂ፣ ደስ ይለኝ ነበር። አኮ ባዶውን ዘር ከሙሉው በቀሩት ጥርሶቻቸው ነክሰው ይለያሉ፤ ባዶውን "ቱፍ!" ብለው ይተፉትና "ይሄ እንደ ባልህ ነው፤ ድምፅ ብቻ" ይሉኛል። እኔ እንደ ሕፃን ስንከተከት እሳቸው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ለመጋዘኔ ብዬ የጀመርሁትን ነገር መቼ ለእሳቸው ብዬ መሥራት እንደጀመርሁ አላውቅም። ብቻ አንድ ቅዳሜ መንገድ ተዘግቶ ሳልሄድ ብቀር ቀኑን ሙሉ ሲከፋኝ ዋለ።

የሰፈሩ ሴቶችም ከየጉረኗቸው አዋጥተው ጆንያው ሞላ። ሃጋያ ሲቃረብ በየጉድጓዱ ዘራነው። "ለከርሞ ትንሽ እናስቀር?" ብላቸው አኮ እጃቸውን አወናጨፉ። "ለከርሞ ተዳፋቱ ራሱ ይሰጠናል። ጊዜ ያለን ዘንድሮ ነው" አሉ። ጆንያው ተገልብጦ ተራገፈ።

ከዚያ ሴቶቹ እሾህ ቆርጠው ተዳፋቱን ዙሪያውን አጠሩት፤ አፋፉ ላይ ያሉትን እናት ቁጥቋጦዎችም አብረው ከለሏቸው። እንዲህ ያለውን ክልል ቦረና ካሎ ይለዋል። ድሮ ለጥጆችና ለደከሙ ከብቶች ሣር የሚቆይበት ነው፤ የኛ ደግሞ ለዴካ ሆነ። ጠባቂዋ አኮ ነበሩ። በሩ አንድ ትልቅ የእሾህ ቅርንጫፍ ነው፤ በባላ እየገፉ የሚከፍቱት የሚዘጉት።

ሃጋያ መጣ። ብዙ አይደለም፤ ግን መጣ። ከሳምንታት በኋላ አኮ ስልክ አስደውለው "ና" ብቻ አሉኝ። ስደርስ በሆዳቸው ተኝተው ጉድጓድ ውስጥ ያያሉ። እኔም በሆዴ ተኛሁ። ጣት የማታክል ነገር፣ ሁለት ቅጠል ያላት። ወዲያም ሌላ፣ ወዲህም ሌላ። ልቤ ቅቤ ጠጣ! ባሌም ከጉዞ ሲመለስ ሎሪውን ታች አቁሞ ወጣ፤ ጫማውን አውልቆ በጉድጓዶቹ መካከል ሄደ፣ ሄደ። ስንመለስ፣ "በይ መጋዘንሽ ተረፈልሽ" አለኝ።

ጋና ግን ቀረ። ደመናው ይመጣል፣ ይጠቁራል፣ ሰዉ ጀሪካን አውጥቶ ይደረድራል፤ ደመናው አልፎ ይሄዳል። አካፋ የሰጡን ሰዎች ፕሮጀክቱ አለቀ ብለው ከሄዱ ሰንብተዋል። ሴቶቹ መጀመሪያ ለችግኙ ውሃ ይሸከሙ ነበር፤ በኋላ ለልጆቻቸውም ታጣ። አኮ የታጠቡበትን ውሃ በጣሳ ይዘው ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ሲያንጠባጥቡ ይውላሉ። እኔ ከከተማ አንድ ጀሪካን በሞተር ካመጣሁ ለጉሮሯቸው እንኳ ሳያስቀሩ ግማሹን ይዘው ይወጣሉ። ብቆጣ "አንተ ምን ቸገረህ፣ ከቧንቧ ትጠጣለህ" ይሉኛል። ብዙው ችግኝ ደረቀ። አንዳንዱ ግን አልሞት አለ፤ ቅጠሉን አራግፎ፣ ግንዱን ሲቧጭሩት ውስጡ አረንጓዴ ነው።

የራሳቸው ፍየሎች አጥሩን ተጠግተው ሲጮኹ ይውላሉ። ዴካ እንዲህ ናት፤ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ አፋፉ ላይ ያሉት ቁጥቋጦዎች ቅጠል ነበራቸው። አኮ አልከፈቱም። አንዷ ነጭ ፍየል፣ በጣም የሚወዷት፣ ራሷን በእሾሁ ውስጥ እንደሰካች ሞተች። በእግሯ ጎትተው አወጧት፣ የላላውን እሾህ አጠበቁ፣ አጥሩን አልከፈቱም። ምን ዓይነት ልብ ነው አልኩ በሆዴ። ደግሞ ኮራሁባቸው። ጋና ገና አላለቀም፤ አንድ ዝናብ ቢጥል ያ አልሞት ያለው ችግኝ ይነሳል፣ አኮም ቤታቸው ይቀራሉ ብዬ ነበር።

አንድ እሑድ ዱቄት ይዤላቸው ሄጄ ሻይ እየጠጣን ሳለ አንዲት ሴት መጣች። ከዋልዳ በኩል ነው የመጣችው። አንድ ላምና አጥንታቸው የሚቆጠር ጥቂት ፍየሎች ትነዳለች። ላሚቱ በየመንገዱ ስትወድቅ በጅራቷ እያነሳች ነው እዚህ የደረሰችው። ፊቷ ላይ ያለው አቧራ ዕድሜዋን ሸፍኖታል። በትሯን ተደግፋ ቆመችና ሰላምታው ተጀመረ፤ እንደ ወጉ፣ ረጅም። ቤቱ ሰላም ነው? ሰላም። ሕፃናቱ ሰላም ናቸው? ሰላም። ከብቱ ሰላም ነው? ሰላም። ላሚቱ ከኋላዋ እየተንገዳገደች "ከብቱ ሰላም ነው" ትላለች። ሁለቱም አንዲት ነገር ሳይስቱ ጨረሱት። 

አኮ ሻያቸውን አንስተው ሰጧት። ጠጣች። ስለ ዝናቡ ተነጋገሩ፣ ማን ከየት እንደተሰደደ ተነጋገሩ። ሴትየዋ አንድም ነገር አልጠየቀችም። ወደ ካሎው እንኳ ዞር ብላ አላየችም፤ እያወቀች ነው የማታየው። ጠያቂ አይጠይቅም እዚህ። ማየት ያለበት ባለቤቱ ነው።

አኮ ተነሱ። ባላውን አነሱ። ገባኝ።

"አኮ፣ አይሆንም!" ብዬ ሮጥሁ። ቀድሜያቸው ደርሼ የእሾሁን ቅርንጫፍ በሁለት እጄ ያዝሁት። እሳቸው በባላው ይገፋሉ፣ እኔ እጎትታለሁ። እሾሁ መዳፌ ውስጥ ገብቶ ደሜ ሲንጠባጠብ አይቻለሁ፤ ሕመሙ ግን አልተሰማኝም። ቆሽቴ አርሮ ነበር። "የራስዎን ፍየል ገድለው የጠበቁትን? ለማያውቋት ሴት? እነዚህ ከብቶች እንደሆነ ዛሬም ነገም ይሞታሉ! ቃልዎስ? ቤትዎስ?" አልሁ፤ ጮህሁባቸው። አማቴ ላይ ጮህሁ።

አኮ አልጮሁም። "ለራሴ መከልከል እችላለሁ፤ ፍየሏ የኔ ነበረች። ለደከመ ከብት ካሎ መዝጋት ግን የኔ አይደለም። ይሄን አባቴም አልቻለም። ልቀቅ" አሉኝ።

ሴትየዋ መሬት መሬት ታያለች። የያዝሁትን ለቀቅሁ። ምን ላድርግ?

ፍየሎቹ ከላሚቱ ቀድመው ገቡ። መጀመሪያ እናት ቁጥቋጦዎቹን ቅጠላቸውን ላጩ፣ ከዚያ ቅርንጫፉን፣ ከዚያ ቅርፊቱን። በጉድጓዶቹ ውስጥ ያለችውን ጣት የማታክል ነገር አንድ በአንድ እየቀነጠቡ ወረዱ። ድምፁ ይሰማል። ሰው ደጅ ላይ ቆሞ እንዲህ ያለ ነገር ማየት የለበትም። ወሬው ተሰምቶ በማግሥቱ ሌሎችም መጡ፤ አንዴ ከተከፈተ ማንን ትመልሳለህ? እኔ ጠብቄ ሁሉንም አየሁ፤ እህቴ ሱቁን ይዛ ስትደውል አላነሳሁም።

ላሚቱ ተዳፋቱ ላይ ሞተች። ፍየሎቹም እየተከተሉ፣ አንዱ እዚህ ጉድጓድ፣ አንዱ እዚያ ጉድጓድ። የጠገበ ሆድ ይዘው ሞቱ። አሞራ እንኳ አልመጣባቸውም፤ ምን ሥጋ አላቸውና። ሴትየዋ በትሯን ብቻ ይዛ ሄደች፤ ስትሄድም አኮን መረቀቻቸው፣ ረጅም ምርቃት። አኮ "አሜን" አሉ፣ በየመሐሉ፣ አንድም ሳያስቀሩ።

እሷ ከሄደች በኋላ አኮ ወንፊቱን አነሱ። የእንግዳዋ ፍየሎች ያደሩበት ጉረኖ ገቡና ቁጢጥ አሉ። መጥረግ ጀመሩ። በጠጡን በጣታቸው ፈርፍረው ነፉት። እኔ ቆሜ አያለሁ። ፍሬ አልበሉም እኮ፤ ዴካዋ ያፈራችው ፍሬ አልነበረም፣ ቅጠልና ቅርፊት ነው የበሉት። አኮ ይሄን ከኔ በላይ ያውቃሉ። ቢሆንም ጉረኖውን ከዳር እስከ ዳር ነፉት። ወንፊቱ ላይ ጠጠር ቀረ። አንዷን ጠጠር አንስተው ጥርሳቸው መካከል አደረጉ፣ ነከሱ፣ አስቀመጧት። ያን ጊዜ ነው ተስፋ የቆረጥሁት። ችግኙ ሲበላ አልነበረም።

ጋና አለፈ። ባሌ ሎሪውን ይዞ ሲሄድ አብሬው ሄድሁ። አኮ ዕቃቸውን ጠቅልለው ደጃፍ ተቀምጠው ይጠብቁናል፤ የወተት ዕቃዎቹ ባዶዎች ናቸው፣ ግን እንደ ሙሉ አቅፈዋቸዋል። "ይቅር፣ እማ፣ ሌላ ዝናብ እንጠብቅ" አላቸው ባሌ። እሱ ራሱ አላቸው! እሳቸው "ቃል ገብቻለሁ" ብለው ማንም ሳይደግፋቸው ሎሪው ላይ ወጡ። ባሌ ከጎማው ኋላ ሄዶ ፊቱን በክንዱ ሲጠርግ አይቼው እንዳላየ ሆንሁ። መንገድ ላይ አኮ ከጥቅላቸው ውስጥ አንድ ነገር አውጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡ። "እንካ፣ ወንፊትህን" አሉኝ።

ሲሚንቶውን ወደ ውጭ አወጣሁት፤ ስኳሩ አልጋዬ ሥር ገባ። የአኮ ክፍል መስኮት የላትም። ቀን ማባቲው፣ የጣራው ቆርቆሮ፣ ይግላል፤ ውጭ ሎሪው ጥሩንባ ይነፋል፣ ቦዳቦዳው ይጮኻል። እሳቸው በሩ ላይ ተቀምጠው አጥሩን ያያሉ። ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤት ግድግዳ ነው። ሲመጡ ኦቦ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁኝ፤ በእጄ አሳየኋቸው። ከዚያ ወዲህ መኝታቸውን ወደዚያ አዙረው ነው የሚተኙት። ምግብ ሳቀርብ "ጠግቤያለሁ" ይላሉ። ሰው ሁሉ "እግዜር ያውቃል፣ ያልፋል" ይለኛል። ምን ያልፋል? እኔ እንደሆነ ከቀን ወደ ቀን ሲያንሱ ነው የማየው። ያን መጋዘን ሰው እንዳይገባበት ብዬ ነበር በጠጥ የነፋሁት፤ አሁን አኮን ቤታቸው መልሼ ሲሚንቶውን ባስገባ ምን አለበት!

ዝናቡ ከዚያ በኋላ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እኩለ ቀን ነበር፤ ስኳር እየመዘንሁ ሳለ ከተማው ጨለመና ወረደው። ሰዉ በረንዳዬ ላይ ተጠልሎ ይስቃል፣ አንዱ ዘሎ ወጥቶ እጁን ዘርግቶ ይሽከረከራል። እኔ ሚዛኑን ትቼ ወደ ጓሮ ሮጥሁ። አኮ ተነስተው መኝታቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ጆሯቸውን ይዘው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሣር ጣራ ሥር ነው ዝናብ የሰሙት።

"ምንድን ነው የሚጮኸው?" አሉኝ።

"ዝናብ ነው፣ አኮ! ዝናብ ነው!"

ስልኬን አውጥቼ ኦቦ ያለችው ጎረቤታቸው ጋ ደወልሁ። እሷም ትጮኻለች፤ በዝናቡ ድምፅ በግድ ነው የምሰማት። እዚያም እየጣለ ነው፤ ከተዳፋቱ ቀይ ጎርፍ ወርዶ የአኮን ደጃፍ አልፎ ሄደ አለችኝ። እኔ ጎርፍ ያለችውን ትቼ ዝናብ ያለችውን ብቻ ይዤ፣ ደስ ላሰኛቸው ብዬ፣ ጆሯቸው ሥር ጮህሁ።

"እዚያም እየዘነበ ነው፣ አኮ! ተዳፋቱ ላይ እየዘነበ ነው!"

አኮ ቀና ብለው አዩኝ።

"ምን ላይ?" አሉኝ።

ያ የተውሁት ቀይ ጎርፍ ትዝ አለኝ። እሳቸውም መልስ አልጠበቁም፤ ወደ ኦቦ አቅጣጫ ዞረው ተኙ። ከሱቁ ደንበኛ ይጣራል፤ ስኳሩን ሚዛን ላይ ትቼው ነበር።